ካስዳው ለፖሊስ ነው ወይስ ለራስ?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ብስክሌት ስንነዳ ሁልጊዜ ካስዳ ማድረግ አለብን ወይስ የለብንም? አገር ቤት ሄልሜት ይሉታል፣ በመጽሐፍ አማርኛ ደግሞ የራስ ቁር ነው። እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ካስዳ እያልን ስላደግን እኔም ካስዳ እላለሁ።

ሲሰሙት ትንሽ ነው ያልኩት በምክንያት ነው። ከጓደኞቼ ጋር ስለ ካስዳ ማውራት ስንጀምር፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ወደ ፀጉር ይሄዳል። ከፀጉር ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ከፖሊስ ደግሞ እዚህ አገር እንዴት እንደሚያዩን ወደሚለው ትልቅ ጉዳይ ይገባል። በመጨረሻ ሁሉም ተናዶ ይነሣል፣ ስለ ጭንቅላት ግን አንድም ሰው አላወራም። ስለዚህ ዛሬ ጭንቅላቱን፣ ፀጉሩንና ፖሊሱን ለየብቻ ላስቀምጣቸው።

መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ አዎ፣ ሁልጊዜ። ግን ሕግ ስለሆነ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ሰፈራችን። እኔ ሮሽ ሃዓይን ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ስሟን ወደ አማርኛ ብንመልሰው “የምንጩ ራስ” ማለት ነው፣ የያርኮን ወንዝ የሚነሣው ከዚሁ አጠገባችን ስለሆነ። ከተማዋን በ1950 አካባቢ የመሠረቷት ከየመን የመጡ አይሁዶች ናቸው፣ ከተማ ተብላ የታወጀችው ግን በ1994 ነው። የድሮው ሰፈር ሜዳ ሜዳውን ነው። በምሥራቅ በኩል የተሠሩት አዲሶቹ ሰፈሮች ግን ዳገት ናቸው። ለዚህ ነው ልጆቹ ሁሉ የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ኮርኪኔት የሚወዱት። ሽቅቡን ሞተሩ ይወጣልሃል። ሞተሩ በሕጉ መሠረት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ማገዙን ያቆማል። ቁልቁለቱ ግን ሕግ አያውቅም፤ አንዴ ከለቀቀህ 25 ላይ ቁም የሚልህ የለም።

እሺ፣ ሕጉስ ምን ይላል? ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ወይም ግማሹን ብቻ ያውቃል። በ2007 ኬኔሴት ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ፣ ትልቅም ትንሽም፣ ካስዳ እንዲያደርግ ሕግ አወጣ። ያን ጊዜ ብዙ ተቃውሞ ነበር። ሕጉ ሰውን ከብስክሌት ያርቃል፣ በተለይ በከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ብስክሌት የሚከራይ ሰው ካስዳ ይዞ አይዞርም ተባለ። በ2011 ቴል አቪቭ ቴል-ኦፉን የተባለውን የኪራይ ብስክሌት ጀመረች፣ በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ተራ ብስክሌት በከተማ ውስጥ ሲነዳ አይገደድም። ከ18 በታች ከሆንክ ግን የትም ቦታ ግዴታ ነው። ከከተማ ውጭ ባለው መንገድ ላይ ደግሞ ለሁሉም ግዴታ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ኮርኪኔት ከሆነ፣ ዕድሜህ ምንም ቢሆን፣ ካስዳ ግዴታ ነው። ከ16 ዓመት በታች ደግሞ እነሱን መንዳትም አይፈቀድም።

እንግዲህ እዩት፤ በዚህ ሕግ መሠረት እኔ በተራ ብስክሌት ከቤት እስከ ሱቅ ያለ ካስዳ መሄድ እችላለሁ፣ የከተማውን ድንበር አልፌ ወደ ፔታሕ ቲክቫ ስወጣ ግን ማድረግ አለብኝ። ጭንቅላቴ ግን ያው አንድ ጭንቅላት ነው። የከተማው ታቤላ ጋ ሲደርስ አይለወጥም።

አሁን ወደ ጭንቅላቱ እንምጣ። ብዙ ጊዜ የምሰማው “እኔ እኮ በፍጥነት አልነዳም” የሚል ነው። እስቲ ትንሽ ፊዚክስ እንሥራ። ብስክሌት ላይ ስትቀመጥ ጭንቅላትህ ከመሬት ቢያንስ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከ1.5 ሜትር የሚወድቅ ነገር መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 19.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይኼ እንግዲህ ብስክሌቱ ቆሞ እንኳ ነው! መብራት ላይ ቆመህ ሚዛንህን ብትስት፣ ጭንቅላትህ አስፋልቱን የሚያገኘው በዚያ ፍጥነት ነው። የአውሮፓው የካስዳ መመዘኛ፣ ኢኤን 1078 የሚባለው፣ ካስዳውን ጠፍጣፋ ብረት ላይ ጥሎ የሚፈትነው በዚሁ ፍጥነት መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ካስዳው ምን ያደርጋል? ውስጡ ያለው ነጭ ፎም ሲመታ ይጨፈለቃል። ሲጨፈለቅ ጭንቅላትህ የሚቆምበትን ጊዜ በትንሹ ያረዝመዋል። የምናወራው ስለ ሺኛ ሰከንዶች ነው። ግን ያቺ ትንሽ ጊዜ ናት አንጎል የራስ ቅል ግድግዳ ላይ በኃይል እንዳይላተም የምታደርገው። ለዚህም ነው አንዴ በደንብ የተመታ ካስዳ ከውጭ ደህና ቢመስልም መጣል ያለበት። ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ ተመልሶ አይነፋም። ከሰው የተገዛ አሮጌ ካስዳም አደገኛ የሚሆነው ለዚሁ ነው፤ ስንቴ እንደወደቀ አታውቅም።

ማስረጃም አለ። በ2016 በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ጄክ ኦሊቪየርና ፕሩደንስ ክሬይተን፣ 40 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። በጥናቶቹ ውስጥ ከ64,000 በላይ የተጎዱ ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ። ካስዳ ያደረጉት ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የሚደርስባቸው ዕድል ካላደረጉት በ69 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ አገኙት። ለሞት በሚያደርስ የጭንቅላት ጉዳት ደግሞ በ65 በመቶ ያነሰ ነው። ካስዳ አንገት ይሰብራል የሚል ወሬም አለ፣ እነሱ ግን ከአንገት ጉዳት ጋር ግንኙነት አላገኙም።

ቁጥር ለብቻው ደረቅ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አክስቴም ልጇም ፈቅደውልኛል።

የአክስቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነበር። የኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ማታ፣ ያለ ካስዳ። መኪና አልገጨውም። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ጎማው ተንሸራተተና ወደቀ፣ በቃ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ በዕብራይስጥ ያስረዳል፣ አክስቴ ደግሞ እኔን ታያለች። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ ለቤተሰቡ ያላስተረጎመ ማን አለ? ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ ኩፓት ሖሊም፣ ሁሉን አስተርጉመናል። ያን ቀን ግን “አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል” የሚለውን ለእናቱ በአማርኛ መናገር ነበረብኝ። ቃሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ አንድም ከባድ ቃል የለውም። አፌ ግን እምቢ አለኝ። አክስቴ ፊቴን አይታ ሳልናገር ገባት።

ልጁ ተርፏል፣ ተመስገን። ለወራት ማገገሚያ ተኝቷል። አሁን ይራመዳል፣ ይስቃል። ግን ቃል ይጠፋበታል። በዕብራይስጥ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ያቆመዋል፣ ከዚያ በአማርኛ ይፈልገዋል፣ አንዳንዴ እዚያም አያገኘውም። ሁለት ቋንቋ ይዘን ነው ያደግነው፤ ከቤት አንዱን፣ ከትምህርት ቤት ሌላውን። ሁለቱም የተቀመጡት እዚያው ጭንቅላት ውስጥ ነው። አክስቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጦ “ይኼ ምን ይባላል? ይኼስ?” ትለዋለች። “ሲኒ። ረከቦት። ጀበና።” ልክ እንደ ትንሽ ልጅ። እሷ አታለቅስም። እኔ ነኝ ወጥቼ የማለቅሰው።

አሁን በተቃራኒው የሚባለውንም በሐቅ እንስማው፣ ምክንያቱም የሚናገሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም።

አንደኛው፦ “ሆላንድ ሁሉም ሰው ብስክሌት ይነዳል፣ ካስዳ የሚያደርግ የለም፣ ግን ደህና ናቸው።” እውነት ነው፣ እዚያ ካስዳ የሚያደርግ ጥቂት ነው። ግን እዚያ ብስክሌት የራሱ መንገድ አለው፣ ከመኪና ተለይቶ። ሹፌሩ ራሱ ብስክሌት ነጂ ሆኖ ነው ያደገው። ሆላንድን የጠበቃት ካስዳ አለማድረጓ አይደለም፣ መንገዷ ነው። እኛ ጋ መንገዱ እንደዚያ ሲሆን ያን ጊዜ እንነጋገር። እስከዚያው መንገዱንም እንጠይቅ፣ ካስዳውንም እናድርግ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሁለተኛው ከዘመዶች የሚመጣ ነው፦ “ባሕር ዳር ስንት ሰው ብስክሌት ሲነዳ ኖሯል፣ ማን ካስዳ አድርጎ ያውቃል?” ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፣ ብስክሌት የዕለት ኑሮዋ ነው። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው ይነዳል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ይኼን የሚነግርህ ያልወደቀው ሰው ነው። የወደቀው ቡና ላይ ተቀምጦ ታሪኩን ሊነግርህ አልመጣም። በዚያ ላይ የባሕር ዳሩ ብስክሌት በእግር ጉልበት የሚሄድ ነው፤ ያንተ ባትሪ አለው።

ሦስተኛው ደግሞ የሚያስቅ ነው። በ2007 በእንግሊዝ አገር የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ኢያን ዎከር፣ ራሱ ብስክሌት እየነዳ መኪኖች ምን ያህል ተጠግተው እንደሚያልፉት ለካ። ካስዳ ሲያደርግ በአማካይ 8.5 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ይጠጉታል። ከዚያ ረጅም ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጎ ሴት መስሎ ሲነዳ ደግሞ ይበልጥ ይርቁለታል! በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እንደገና መርምረው ልዩነቱ ይኼን ያህል ትርጉም የለውም ብለዋል። እውነት ቢሆንስ? ሹፌሩ ቢጠጋኝ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው። ሹፌሩ እንዲርቅልኝ ብዬ ጭንቅላቴን ባዶ አልተውም።

ፀጉር ካልን ዘንድ እንግዲህ ወደ ፀጉሩ እንግባ። ይኼን ሳቅ አድርጋችሁ አትለፉት። ብዙ ልጆች ካስዳ የማያደርጉበት እውነተኛው ምክንያት ይኼ ነው። ጎፈሬ ያለው ልጅ ካስዳው አይገባለትም፣ ከገባም ጎፈሬው ይጨፈለቃል። ሹሩባ የተሠራች ልጅ አምስት ሰዓት ቁጭ ብላ፣ ገንዘብ ከፍላ የተሠራችውን ማበላሸት አትፈልግም። እኔም ሹሩባ እሠራለሁ፣ አውቀዋለሁ። ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ ካስዳዎቹ የተሠሩት የእኛን ፀጉር አስቦ በማያውቅ ሰው ነው የሚመስሉት።

አባቶቻችን “ራስ ሳይጠና ጉተና” ይላሉ። ተረቱ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፣ ለእኛ ግን ቃል በቃል ይሠራል፤ መጀመሪያ ራሱ ይጥና፣ ጉተናው ይደርሳል። ግን ተረት ብቻ አልነግራችሁም፣ የሚሠራውን ልንገራችሁ።

ካስዳ ግንባር ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል። ፀጉርህን አናት ላይ ካሰርከው ካስዳው ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፣ ግንባርህ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ሹሩባውም ሆነ ድሬዱ ወደ ማጅራት ዝቅ ተደርጎ ይታሰር፣ ከካስዳው በታች ይውጣ። ብስክሌት የምታዘወትሩ ሴቶች ሹሩባችሁን ወደ ኋላ የሚሄድ፣ በራስ ላይ የተኛ አድርጋችሁ ተሠሩት። ለጎፈሬ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ካስዳ ውሰዱ፣ ከኋላ የሚጠብቅ ተሽከርካሪ ያለውን፣ ከዚያ ጭንቅላታችሁ ላይ እስኪይዝ አጥብቁት። ከሥር ቀጭን የሳቲን ሻሽ ማድረግ ይቻላል፣ ወፍራም ኮፍያ ግን አይሆንም። የጎን ማሰሪያዎቹ ከጆሮ ሥር ይገናኙ። የአገጩ ማሰሪያ አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። ያልታሰረ ካስዳ ሲወድቁ ከሰው በፊት ይበርራል።

እዚህ አጠገባችን ያለችው አፌቅ በመጽሐፈ ሳሙኤል የፍልስጥኤማውያን ጦር የሰፈረባት ቦታ ናት። በዚያው መጽሐፍ ሳኦል ለዳዊት የናስ ራስ ቁር ጭኖለት፣ ዳዊት ስላልለመደው አውልቆ ሄደ። አንድ ጓደኛዬ “ይኸው፣ ዳዊትም ካስዳ አልፈለገም” አለኝ። አይደለም ወዳጄ። የዳዊት ችግር የሌላ ሰው ልክ መሆኑ ነበር። አንተ ግን የራስህን ልክ መርጠህ መግዛት ትችላለህ።

የሚያሳፍር ነው የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ባለሙያዎቹም እንደ እናንተ ነበሩ። በ1991 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ካስዳ ግዴታ ሊያደርግ ሲል ተወዳዳሪዎቹ አድመው አስቆሙት። በ2003 የካዛኽስታኑ አንድሬ ኪቪሌቭ በፓሪስ-ኒስ ውድድር ላይ ያለ ካስዳ ወድቆ ሞተ፣ በዚያው ዓመት ግዴታ ሆነ። በ2016 ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ሲወዳደር ካስዳ አድርጎ ነው። በ2018 ጂሮ ዲ ኢታሊያ ከኢየሩሳሌም ሲነሣም ካስዳ የሌለው አንድ ተወዳዳሪ አልነበረም። እነሱን ማንም ፈሪ አይላቸውም።

ቀጥሎ ከባዱ፣ ፖሊስ። እኔ ጋ የሚመጣው አባባል ይኼ ነው፦ “ካስዳ ለእኛ እኛን ማስቆሚያ ሰበብ ነው። ነጩ ልጅ ያለ ካስዳ ያልፋል፣ እኔ እቆማለሁ፣ መታወቂያ እጠየቃለሁ።” ይኼን የሚለውን ልጅ “ተሳስተሃል” አልለውም። በ2015ም በ2019ም ለምን መንገድ ላይ እንደወጣን ሁላችንም እናውቃለን። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በእኛ ላይ ስላለው ዘረኝነት ባቀረበው ሪፖርት፣ ፖሊስም አንዱ ርዕስ ነበር። ይኼ የእኛ ቅዠት አይደለም።

የእኛም ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ለሁሉም ብስክሌት ነጂ ካስዳ ግዴታ ነበር። ቅጣቶቹን ሲቆጥሯቸው ጥቁር ነጂዎች ከነጮች አራት እጥፍ ያህል እየተቀጡ ነው። ቤት የሌላቸው ሰዎችም እንዲሁ። በ2022 የአካባቢው የጤና ቦርድ ሕጉን ሻረው። ግን ልብ በሉ፣ የሻሩት ቅጣቱን ነው። በዚያው ጊዜ ካስዳ ማድረግ ሕይወት እንደሚያድን የሚገልጽ ውሳኔ አብረው አሳለፉ።

እኔ የምለው ይኼንን ነው። ቅጣቱና ካስዳው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቅጣቱ ላይ እንከራከር። እዚህ አገር ግዴታው ተመልሶ በከተማ ውስጥ ላሉ አዋቂዎችም ይሁን ቢባል እኔ እቃወማለሁ፣ ምክንያቱም ሸክሙ መጀመሪያ በማን ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ያለ ካስዳ የተያዘ ልጅ ከሚቀጣ ካስዳ ቢሰጠው ይሻላል እላለሁ። ግን ካስዳ ለፖሊስ ብለህ የምታደርግ ከሆነ፣ ፖሊሱ ዞር ሲል ታወልቀዋለህ። በእልህ የማታደርግ ከሆነ ደግሞ፣ በፖሊስ ተናደህ የምትቀጣው እናትህን ነው። ሁለቱም መንገድ ጭንቅላትህን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።

“ከራስ በላይ ነፋስ” ይባላል፤ ከራስ የሚበልጥ የለም ለማለት። ብስክሌት ላይ ግን ከራስ በላይ ነፋስ ብቻ እንዲሆን አትፍቀዱ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትልልቆቹ ወንድሞችና እህቶች፣ ከእኛ እንጀምር። ከ18 በላይ ነን፣ በከተማ ውስጥ አንገደድም፣ ለዚህ ነው የእኛ ካስዳ ዋጋ ያለው። ተገዶ የሚያደርገውን ትልቅ ሰው ልጅ አይኮርጅም፣ ወዶ የሚያደርገውን ግን ይኮርጃል። ሰፈራችሁ ማትናስ ያለ መሪ የምታውቁ ከሆነ፣ አንድ ከሰዓት ካስዳ መለካትን ከፀጉር መሥራት ጋር አንድ ላይ እንዲያዘጋጅ ጠይቁት። አንዷ ሹሩባ ትሠራለች፣ አንዱ ማሰሪያ ያስተካክላል። ልጆቹ ስብከት ሲሰሙ ከሚውሉ ይኼ ይሻላል። ለማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ስለ ብስክሌት መንገድና ስለ ማታ መብራት ጻፉ፣ በስማችሁ፣ ደጋግማችሁ።

ለወላጆችም አንድ ቃል። እማማ፣ አባባ፣ ለልጁ ብስክሌቱን ስትገዙለት ካስዳውን በዚያው ቀን ግዙለት። ግን እናንተ አትምረጡለት፣ እሱ ይምረጥ። ያልወደደውን ካስዳ በር ላይ ትቶት ነው የሚወጣው።

የዛሬው ይኼው ነው። ካስዳና ጎፈሬን ያስማማ ዘዴ ያላችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል እናገረዋለሁ። ቸር ሰንብቱ፣ ራሳችሁን ጠብቁ።